መልስ የማይፈለግባቸው ጥያቄዎች

«ዛሬ፣ በዚሁ አዳራሽ፣» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። መልስ የሚመልስ ሰው ግን እንዳይኖር ሰበካ ጉባኤው በጥብቅ ያሳስባል።»

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ዕድሜያቸውን በኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚናገሩት እሳቸው ሲሆኑ፣ ማንኛውንም ነገር የሚናገሩት መርዶ በሚነገርበት ድምፅ ነው። የመኪና መብራት በርቶ መቅረቱን ሲያሳውቁ እንኳ ባለመኪናው ከመነሣቱ በፊት አጠገቡ ያሉት «እግዜር ያጽናህ» ሊሉት ይቃጣቸዋል።

መንገሻ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ጓደኛው ከፍያለው ክንዱን ያዘው።

«ወዴት ነው? ልጄ ናት እኮ የምትጠይቀው። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ቁጭ በል እንጂ!»

«ደክሞኛል፤ ነገ ሥራ ገቢ ነኝ» አለ መንገሻ።

ከፍያለው አየው። መንገሻም አየው። ከፍያለው ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መለሰ፤ መንገሻም ተመልሶ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገሻ ከሑዳዴ ወዲህ ሥራ የለውም። ግራንድ ፕሬሪ ያለው መጋዘን ዝቅ ዝቅ ያሉ ጠፍጣፋ ማሽኖች አስገባ። ማሽኖቹ መደርደሪያውን ከነዕቃው ተሸክመው ወዲያ ወዲህ ማለት ሲጀምሩ፣ እነመንገሻን፣ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂዎቹን፣ ሰብስቦ ፒዛ ጋብዞ አሰናበታቸው። መንገሻን ከስንብቱ ይልቅ ያንገበገበው ፒዛው ነው። በሑዳዴ፣ ሥጋ በሥጋ የሆነ ፒዛ! ያን ያህል ዓመት አብሯቸው ሠርቶ፣ ምን እንደሚበላና እንደማይበላ እንኳ ያወቀ የለም። ያን ዕለት ማታ ለሚስቱ ለአይናዲስ ሊነግራት ቆርጦ ገባ። እሷ ግን ቤድፎርድ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ሺፍት ደርባ መጥታ፣ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ዓይኗን ጨፍናለች። «ነገ» አለ በልቡ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ስለዚህ በየማለዳው ብርቱካንማ ሰደርያውን ይለብሳል፤ አይናዲስ የቋጠረችለትን ምሳ ይዞ ይወጣል። ግራንድ ፕሬሪ ድረስ ይነዳና አንድ የገበያ ማዕከል ጀርባ ፓርክ አድርጎ፣ በስልኩ ሥራ ሲያመለክት ይውላል። ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ሰደርያውን አውልቆ የመኪናውን ጎማ ይጠርግበታል፤ ንጹሕ ሰደርያ ለብሶ ቤቱ የሚገባ የመጋዘን ሰው የለምና። ትናንት ቅዳሜ፣ አይናዲስ ልብስ ልታጥብ ስትለይ ሰደርያውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ነበር።

«ይኼ ነገር ምነው ጎማ ጎማ አለኝ?»

«አዲስ ማሽን አስገብተዋል» አላት። ይህ እንኳ እውነት ነው።

ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፍያለው ነው። ታክሲ ሲነዳ በዚያ ሲያልፍ፣ መንገሻ ምሳ ዕቃውን ደረቱ ላይ አድርጎ መኪና ውስጥ ተኝቶ አገኘው። «ለሰው ትንፍሽ ብትል!» ሲለው፣ «እኔ? እኔ እኮ መቃብር ነኝ» ብሎ ምሎለታል።

የመቃብሩ ልጅ ሳሮን አሁን ከፊታቸው ቆመች። ቀጭን ናት፤ ኮምፒውተሯን በአንድ እጇ እንደ ትሪ ይዛዋለች።

«እንደምን ዋላችሁ። ማለቴ… አመሰግናለሁ ስለመጣችሁ። ሶ፣ ፕሮፌሰሬ ሆላንድ ነች።»

«የሆላንድ ሰው ናቸው» ብሎ አባቷ አረመ።

«የሆላንድ ሰው ናቸው። እዛ አገር ጥናት ሠሩ። ስለ ጥያቄ ነው፤ ሲምፕል ጥያቄ አይደለም፣ ጥያቄ ሆድ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ያለበት። ሰዎቹ ጥያቄውን ይሰማሉ፤ ከዛ በሆላንድኛ እንዲህ ይባላል ወይስ አይባልም፣ እሱን ይፈርዳሉ። አሁን እኔ በአማርኛ ትራንስሌት አደረግኩት። እማዬ ረዳችኝ። እውነት ነው ውሸት ነው አንልም፤ መልስም አንመልስም። አበሻ እንዲህ ይላል ወይ? እሱን ብቻ። አንድ ጣት፣ ‹ማንም እንዲህ አይልም›። አምስት ጣት፣ ‹ምንም ችግር የለውም፣ እኔም እላለሁ›። ለወንዶች አንዴ አነባለሁ፣ ከዛ ለሴቶች። መጨረሻ ላይ ‹የሚቀይር አለ?› እላለሁ። ኦኬ?»

ማንም እንዲያ ተቀመጡ ሳይላቸው ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ተቀምጠዋል። አይናዲስ በመንገሻ ትክክል፣ በመካከላቸው ባለው ባዶ መተላለፊያ ማዶ ናት፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣጥፋ የወረቀት ኩባያዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች።

«መለማመጃ» አለች ሳሮን። «‹ዳቦውን ማን ገዛው ብላ ነው ፀደንያ የምታስበው?›»

«የቷ ፀደንያ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የትኛዋም አይደለችም። ምሳሌ ነው።»

«የዛሬውን ዳቦ ያመጣነው እኛ ነን፤ ደረሰኙ አለ» አሉ ከሴቶቹ በኩል እትዬ አስካለማርያም። የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ድምፃቸው ማይክራፎን አይፈልግም።

«መልስ የለም ተብሏል!» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ።

ጣቶች ተነሡ። ማንም አስቀድሞ አላነሣም፤ ሁሉም የጋሽ ገብረ ሥላሴን እጅ አየ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ አራት ሲያነሡ አዳራሹ በሙሉ አራት አነሣ። ሳሮን ጻፈች። ሆላንዶቹ እንዴት እንዳደረጉት እንጃ፤ በዚህ አዳራሽ፣ እዚህ ካሮልተን ላይ ግን እንዲህ ነው የተጀመረው።

«አሁን የእውነቱ። ‹ሌሊሳ ቤቱን ለማን እንደሸጠው ማን ጠየቀ?›»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በነዚህ ሰዎች መካከል ስም ጠርቶ የሚናገር የዋህ ነው። ነገር ያለው ሰው ነገሩን ስለ ሌላ ሰው አስመስሎ ለሌላ ሰው ይነግራል፤ ድምፁን ግን ከፍ ያደርጋል፤ ባለቤቱም ይሰማል። አሽሙር መስማት የማይችል ሰው ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድም የለም፤ ምናልባት እዚህ አገር የተወለደችው ሳሮን ካልሆነች። እሷም ማንንም እንዳታስቀይም ብላ፣ አዳራሹ ውስጥ ማንም የማይጠራበትን ስም መርጣ ነበር። ስሙ የማንም ካልሆነ ደግሞ የሁሉም ነው።

እንድሪያስ ተነሥቶ ቆመ። ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ነው፤ አምና የራሱን ትልቅ ቤት አስመርቆ፣ ቄስ አስጠርቶ፣ ሁሉንም አብልቷል።

«ይኼ አማርኛ አይደለም!»

«ኦኬ፣ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?» አለች ሳሮን ለመጻፍ ተዘጋጅታ።

«ሁሉ ነገሩ! ለማን እንደሸጥኩት ማን አገባው? ጨዋ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?»

አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሸጥከው እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለማርያም ከማዶ።

«ማን? እኔ? ስለ ሌሊሳ ነው የማወራው።»

«አይ፣ ‹ሸጥኩት› ስትል ሰምቼ ነው እንጂ።»

«መልስ የለም ተብሏል!» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው የእውነት መርዶ ሆኖ ነበር።

እንድሪያስ ተቀመጠ። አንድ ጣት አነሣ። አጠገቡ የተቀመጡትም ለሐዘንተኛ ከንፈር እንደሚመጠጥ አንድ አንድ ጣት አነሡለት። ሴቶቹም እንዲሁ። «የሚቀይር አለ?» ቢባል ማንም አልቀየረም።

መንገሻ በሆዱ ሳቀ። ከሑዳዴ ወዲህ ገና መሳቁ ነው። እንድሪያስ በምረቃው ቀን ያንን የወጥ ቤት ድንጋይ እየደበደበ «ከብራዚል የመጣ ነው» ሲል ትዝ አለው። ቆይ፣ ዛሬ ታዲያ የት እያደረ ነው? ወዲያው ግን ሳቁን ተወ። እሱስ ነገ ጠዋት የት ሊውል ነው?

ቀጣዩ ጥያቄ ለወንዶቹ ተነበበና ያለ ችግር አለፈ፤ ለሴቶቹ ሲነበብ ነው እሳቱ የተነሣው። «‹የፀደንያ ልጅ ከማን ጋር እንደምትኖር ማን የሚያውቅ ይመስልሻል?›»

ሴቶቹ በሙሉ ጫማቸውን አዩ። የእትዬ አስካለማርያም ልጅ ሂውስተን ትማራለች። ይህ በሰበካው ውስጥ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት የጸና ነገር ነው። ነገር ግን እዚሁ ቅርብ፣ ፎርት ወርዝ ውስጥ አንድ ረጅም አሜሪካዊ ክንድ ይዛ ገበያ ስትወጣ ያላያት የለም፤ ግን ያየ ሁሉ እናቷን ሲያገኝ «ሂውስተን እንዴት ናት?» ይላል።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አሉ እትዬ አስካለማርያም። «እናትሽ ናት ይኼን ያስጻፈችሽ?»

«የለም፣ እማማ። እናቴ ስፔሊንግ ብቻ ነው ያረመችው። ሆላንዶች ናቸው የጻፉት።»

«ሆላንዶች የኔን ልጅ የት አውቀዋት ነው!»

«የፀደንያን ልጅ ነው እኮ—»

«ፀደንያ የምትባል ሰው የለችም ያልሽው አንቺ ነሽ! የሌለች ሴት እንዴት ነው የምትወልደው?»

ሳሮን አባቷን አየች። ከፍያለው ጣሪያውን እያየ ነበር። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ነገር ለማብረድ ብለው ጣልቃ ገቡ።

«ለመሆኑ ሆላንዶቹስ እንዲህ ተቆጥተው ነበር?»

«አልተቆጡም» አለች ሳሮን። «ግን ብዙዎቹ ‹ማንም እንዲህ አይልም› አሉ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሰጡ። ከዛ ብሬክ ላይ ሻይ ሲጠጡ፣ እርስ በርስ ሲያወሩ፣ ራሳቸው ልክ እንደዛ አሉ። ፕሮፌሰሬ ሰሙአቸው።»

«ውሸታሞች!» አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ አንድ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው። ከኋላቸው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጣት አነሡ። የሚቀይር አለ? የለም።

«የመጨረሻ ናት» አለች ሳሮን። ወደ ወንዶቹ ዞረች። «‹ሌሊሳ ሥራ እንደሌለው ለሚስቱ መቼ የሚነግራት ይመስልሃል?›»

መንገሻ አንገቱን ሳያዞር፣ ከንፈሩን ሳያላውስ ማለት ይቻላል፣ ከፍያለው ላይ አንሾካሸከ።

«ነገርካት።»

«ምኑን?»

«አታስመስል! መቃብር ነኝ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«በልጄ እምላለሁ!»

«ልጅህ ናት እኮ የምታነበው!»

«መንገሻ ሙት፣ አላልኩም። ከሆላንድ ነው የመጣው አለች እኮ።»

«ሆላንድ!» ከመንገሻ አፍ ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ሆላንድ ያሉ ሰዎች የራሳቸው ሥራ የላቸውም? ሰው ወተቱን አልቦ፣ አበባውን ሸጦ ይተኛል እንጂ ባሕር ተሻግሮ፣ ካሮልተን ድረስ መጥቶ፣ በእሑድ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሰው ለሚስቱ መቼ ይነግራታል ብሎ ይጠይቃል? ምን አገባው? ያ መጋዘን እንኳ፣ ያ በሑዳዴ ሥጋ ያበላው መጋዘን እንኳ፣ ይህን ያህል አልደፈረውም። ተነሥቶ ሊጮኽ ፈለገ። «እኛ ለጥናት መጣን እንጂ ለመዋረድ አልመጣንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ መቀመጫውም ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሥቷል።

ያኔ እንድሪያስን አየው። እንድሪያስ ትከሻው ወድቆ፣ ባዶ የወረቀት ኩባያ በጥርሱ እየቦጨቀ ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ስለ ቤት ኪራይ ሊጠይቀው ወደ ጆሮው ጠጋ ሲል ታየው።

መንገሻ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የጮኸ ሰው የነገሩ ባለቤት ይሆናል። ያልጮኸ ግን ስለ ሌሊሳ እያሰበ ነው።

አንድ ጣት አነሣ። አመልካች ጣቱን፣ ቀጥ አድርጎ፣ ከሁሉም ከፍ አድርጎ። ማንም እንዲህ አይልም። በአማርኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ኖሮ አያውቅም። ከፍያለውም በፍጥነት አንድ አነሣ፤ እንድሪያስም፣ ጋሽ ገብረ ሥላሴም፣ ወንዶቹ በሙሉ። ስንቶቹ ስለ ራሳቸው፣ ስንቶቹ ለይሉኝታ እንዳነሡ እግዜር ይወቅ።

«ሁሉም አንድ» አለች ሳሮን። ኮምፒውተሩን ስትነካ እንባዋ እየመጣ ነበር። «ይኼ እኮ ምንም ስህተት የለውም… እማዬም ትክክል ነው ብላለች። ፕሮፌሰሬ ‹ያናገርሻቸው ሰዎች አማርኛ ይችላሉ ወይ?› ነው የሚሉኝ።»

«እኛ ነን አማርኛ የማንችለው?» አሉ እትዬ አስካለማርያም።

«ሴቶች» አለች ሳሮን አፍንጫዋን ጠርጋ። «‹ሌሊሳ ሥራ እንደሌለው ለሚስቱ መቼ የሚነግራት ይመስልሻል?›»

እትዬ አስካለማርያም አንድ ጣት አነሡ። ከኋላቸው አንድ፣ አንድ፣ አንድ። መንገሻ ትንፋሹን ሊለቅ ነበር።

አይናዲስ ኩባያዋን ከጉልበቷ አንሥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ አነሣች። አምስቱም ጣቶቿ ተከፍተዋል።

ሳሮን ጣቶቹን አየች። «አምስት ነው፣ እትዬ?»

«አምስት ነው።»

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን ረስተው ስለነበር፣ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አዳራሹ በሙሉ ሰማቸው።

«ወይዘሮ አይናዲስ፣ ምናልባት መመሪያው አልተሰማ እንደሆነ… አምስት ማለት ‹እኔም እላለሁ› ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እንዲህ… ይላሉ?»

«በየጠዋቱ እላለሁ» አለች አይናዲስ። ማንንም አላየችም፤ ድምፅዋም አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ምሳውን ስቋጥር።»

ከፍያለው ጣቱን እንደ ሰረቀው ዕቃ ወደ ኪሱ ከተተ። አንድ በአንድ፣ በሴቶቹም በወንዶቹም በኩል፣ የተቀሰሩት ጣቶች ዝቅ ዝቅ አሉ። እትዬ አስካለማርያም ጣታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና፣ የሌላ ሰው ጣት ይመስል ትክ ብለው አዩት።

መንገሻ የቋጠረችለትን ምሳ አሰበ። ሑዳዴ ካለፈ በኋላ ሥጋው በዝቶ ነበር። ከመኪና መስኮት ውጭ ጋሪ እየገፉ የሚያልፉ ሰዎችን እያየ ሲበላ፣ ለምን እንደበዛ አልጠየቀም። ትናንት ያሸተተችውን ሰደርያ አሰበ። ካጠበችው በኋላ ወንበሩ ላይ አጣጥፋ አስቀምጣለታለች፤ ለነገ።

ሳሮን በጽሑፏ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ የት እንዳለ እየፈለገች ነበር። ሌላ ምን ማለት እንዳለባት ስላላወቀች፣ ከየጥያቄው በኋላ ስትለው የነበረውን አለች።

«የሚቀይር አለ?»

መንገሻ ገና አሁን አስተዋለ፤ የሁሉም ጣት ወርዶ የእሱ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማዶ አይናዲስ እጇን አላወረደችም።

«አለ» አለ መንገሻ፤ የቀሩትን አራት ጣቶቹን ከፈታቸው።